«አዲስ ነው» ያሉኝ ሞጁል ቦታዬን ከየት አወቀው?

ይህን የምጽፈው ከጋራዥ ከተመለስኩ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ንዴቱ አልበረደልኝም። እስኪበርድልኝም አልጠብቅም፤ ከበረደልኝ እንደ ሌላው ጊዜ «ይሁን፣ ያለፈ አለፈ» ብዬ እተወዋለሁ። እንዲህ ያሉ ጋራዦች የሚኖሩት ደግሞ እኛ በምንተወው ነው።

ነገሩ የመኪና ወንበር ነው። የሹፌሩ ወንበር ሜሞሪ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ 1፣ 2 እና ኤም የሚሉ ሦስት ቁልፎች አሉ። ቦታችሁን አንዴ ታስይዙታላችሁ፣ ከዚያ ቁጥሯን ስትጫኑ ወንበሩ ራሱ ይመጣል። እኛ ቤት መኪናዋን የምንነዳው ሁለት ነን። 1 የኔ ነው፣ 2 የባለቤቴ። እሱ ረጅም ነው፣ እኔ አጭር ነኝ፤ እሱ ነድቷት ባደረ ቁጥር እግሬ ፍሬኑ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ቁልፏ ለኔ የቅንጦት ነገር አይደለችም።

ከወር በፊት መለገም ጀመረች። አንዳንድ ቀን ትሠራለች፣ አንዳንድ ቀን ብጫናት ዝም። ወንበሩ ግን በጎኑ ባሉት ተራ ቁልፎች ወደፊትም ወደኋላም ወደላይም ያለ ችግር ይሄዳል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፣ አሁን ገብቶኛል። በተራው ቁልፍ ከተንቀሳቀሰ ሞተሮቹ ደህና ናቸው። የሞተሮቹ ፊውዝም ደህና ነው። የሚያስጠረጥረው የሜሞሪው መስመር ነው፦ ስዊቹ፣ ሽቦው፣ ሶኬቶቹ፣ ወይ የወንበሩን ቦታ የሚያነቡት ሴንሰሮች፣ ወይ ሞጁሉ፣ ማለትም ከወንበሩ ስር ሆኖ ወንበሩን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር። ከነዚህ ውስጥ ደግሞ አንድ ቀን እየሠራ አንድ ቀን የሚተው ነገር ሲያጋጥም ማንም የለመደ ኤሌክትሪሻን መጀመሪያ የሚያየው ሽቦና ሶኬት ነው።

የሄድኩበትን ዓይነት ቤት ታውቁታላችሁ። ወለሉ ተወልውሎ፣ ሠራተኞቹ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ይጠብቃችኋል። ችግራችሁን ተናግራችሁ ሳትጨርሱ «መጀመሪያ ኮምፒውተር እናድርጋት» ይላሉ። አደረጓት። ስክሪኑ ላይ ስለ ሜሞሪ ስዊቹ አንድ ኮድ ወጣ፣ መጨረሻው ላይ «ኦፕን ሰርኪት» ይላል። ኦፕን ሰርኪት ማለት መስመሩ የሆነ ቦታ ላይ ተቋርጧል ማለት ነው። ሞጁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። የት ጋ እንደተቋረጠ ኮዱ አይናገርም፣ ያንን ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዞ ተከታትሎ የሚያገኘው ሰው ነው። ኤሌክትሪሻኑ ግን ስክሪኑን ወደኔ አዞረና ጣቱን አሳርፎበት «ይኸው፣ ሞጁሉ ተቃጥሏል» አለኝ።

«በቴስተር አይለካም?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። ይህቺን ታህል እንኳ መጠየቄን እወቁልኝ። ከጎኑ ከቆመው ልጅ ጋር ተያዩ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ አምፖል አይደለም» አለኝ። ሌሎች ደንበኞች እየሰሙ ነው። አፈርኩ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም፣ ሌላ ቦታ ልጠይቅ ብዬም አልወጣሁም፣ በቃ የመኪናዋን ቁልፍ አስረክቤ ቀብድ ከፍዬ ሄድኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ከገንዘቡ እኩል የሚቆጨኝ ያቺ ማፈሬ ናት።

በሦስተኛው ቀን ደወሉልኝና ሄድኩ። «ግቢና ሞክሪው» አለኝ። ወንበሩ ሲሠሩ እንደተዉት ወደኋላ ጥግ ድረስ ተገፍቷል። ስቀመጥ እግሬ ተንጠለጠለ። 1ን ተጫንኩ። ወንበሩ ያቺን የማውቃትን እዝዝታ አሰማና ወደፊት መጣ፣ ከፍ አለ፣ መደገፊያው ትንሽ ቀና አለና ቆመ። ልክ ቦታዬ ላይ! ፍሬኑ በእግሬ ስር፣ መሪው በእጄ ልክ። ደስታዬን ብታዩ። «ተመስገን» አልኩ ጮክ ብዬ። እሱ በሩን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ «አየሽ? ኦሪጅናል ሞጁል እንዲህ ነው» አለኝ። ልጁ ከኋላው ቆሞ መሬት መሬት ያያል። የደከመው መስሎኝ ነበር።

እስቲ አሁን አስቡት። በኔ መኪና ቦታውን የሚያስታውሰው ከወንበሩ ስር ያለው ሞጁል ራሱ ነው። ሞጁሉ ከተቀየረ አዲሱ ባዶ ነው። ምንም የያዘው ነገር የለም። ወንበሩን በእጄ አስተካክዬ፣ ኤምን ተጭኜ፣ 1ን ተጭኜ ካላስያዝኩት በስተቀር የኔን ቦታ ከየት ያመጣዋል? ወንበሩ ያወቀኝ የድሮው ሞጁል ስለሆነ ነው። ውሸታቸው ላይ ተቀምጬ ነበር። ተቀምጬበትም አመሰገንኳቸው፣ ለልጁም ጉርሻ ሰጠሁት።

የሞጁል፣ የፕሮግራም፣ የእጅ ተብሎ ተደምሮ ከፈልኩ። ገንዘቡ ለጎማ ብዬ ስንት ጊዜ ያጠራቀምኩት ነበር። አሮጌውን ሞጁል ስጡኝ ስላቸው ሒሳብ የምትቀበለዋ ልጅ ቀና እንኳ ሳትል «ምን ያደርግልሻል? ተጥሏል» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

በ11ኛው ቀን ቁልፏ ተመልሳ ዝም አለች።

ዛሬ ጠዋት ሌላ ባለሙያ ጋ ወሰድኳት። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ታሪኩን ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አዲሱ ሲገጠም ቦታሽን እንደገና አስያዝሽው?» «አይ፣ ራሱ አወቀው» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ምንም ሳይሉ ቴስተራቸውን አመጡ።

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተው ጥቂት ደቂቃ ጠበቁ። ከወንበሩ ስር ያለው ቢጫ ሶኬት የኤርባግ ነው፣ በችኮላ የሚነካ ነገር አይደለም። ቀጥለው የበሩን ሽፋን አውልቀው የስዊቹን ሶኬት ነቀሉ። የኔ ስዊች የሦስቱንም ቁልፎች መልእክት የሚልከው በአንድ ሽቦ ነው። እያንዳንዷ ቁልፍ የራሷ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠን) አላት፣ ሞጁሉ የትኛዋ እንደተነካች የሚለየው በዚያ ነው። 1፣ 2፣ ኤም እያሉ ተራ በተራ ተጫኑ። ሦስት የተለያየ ቁጥር፣ ሦስቱም የማይዋዥቅ። «ስዊቹ ጤነኛ ነው» አሉኝ። ከዚያ አንዱን የቴስተር ጫፍ በሩ ውስጥ ባለው ሶኬት፣ ሌላውን ከወንበሩ ስር ባለው ሶኬት ላይ በዚያው ሽቦ ሁለት ጫፍ አደረጉ። ቴስተሩ ጢጥ ማለት ጀመረ፤ ሽቦው አልተቋረጠም ማለት ነው። በጉልበታቸው በሩን ቀስ ብለው ገፋ አደረጉት። ሰፋ ሲል ድምፁ ቆመ። መለሱት፣ ጢጥ። ገፉት፣ ዝም። ሦስት ጊዜ ደጋገሙትና «ነይ ጆሮሽ ይስማ» አሉኝ።

በበሩና በመኪናዋ አካል መሃል ያለችውን የተሸበሸበች ጎማ አይታችኋል። ወደ በሩ የሚገቡት ሽቦዎች በእሷ ውስጥ ነው የሚያልፉት። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋሉ፣ ሲቆይ መዳቡ ከውስጥ ይቆረጣል። ጎማዋን ስበው አወጧት። ሽቦው እዚያ ነበረ። ተቆርጦ፣ በእጅ ተጠምዝዞ፣ ጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎበት። ፕላስተሩ አዲስ ነው፣ ገና ያብረቀርቃል። ሌሎቹ ሽቦዎች በአቧራ ግራጫ ሆነዋል፣ እሱ ብቻ ንጹህ። ከስሩ ጥምዙ ተላቋል።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አላወቁም ቢባል ይቀለኝ ነበር፤ ባለሙያም ይሳሳታል። እነሱ ግን ብልሽቱን አግኝተውታል! ትክክለኛዋን ሽቦ አግኝተው፣ በእጃቸው ጠምዝዘው፣ ፕላስተር ጠቅልለው፣ ጎማዋን መልሰው ደፍነው፣ ከዚያ ቁጭ ብለው የሞጁል ሒሳብ ጻፉብኝ። ወንበሩ ስር በስልኬ መብራት አየሁ። የሞጁሉ ብሎኖች ላይ ያለው አቧራ እንኳ አልተነካም።

እኚህ ሰውዬ የተበላሸውን ቆርጠው አዲስ ሽቦ ቀጠሉበት፣ መጋጠሚያዎቹ ከሚታጠፈው ቦታ ውጭ እንዲውሉ አድርገው በየዱት። የሚታጠፍ ቦታ ላይ የተጠመዘዘ ሽቦ አይከርምም አሉኝ። ያስከፈሉኝ የሽቦና የእጅ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀጥታ ወደ መጀመሪያዎቹ ሄድኩ። ያነሳሁትን ፎቶ ለኤሌክትሪሻኑ አሳየሁት። ጨርሶ ሳያየው «ሌላ ሰው ነክቶታል፣ ዋስትና የለውም» አለኝ።

«ሞጁሉ አዲስ ከሆነ ቦታዬን እንዴት አወቀ?»

«ፕሮግራም አድርገነዋል አላልንሽም?»

«ቦታዬን ማን ነገራችሁ ታዲያ?»

ሳቀ። ፊት ለፊቴ ቆሞ ሳቀብኝ። መልስም አልሰጠኝ፣ ሌላ ደንበኛ እየጠበቀው ስለነበር ወደሱ ዞረ። ላፕቶፑን ወደ ሰውዬው አዙሮ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሲያሳርፍ አየሁት። «ይኸው» ሲለው ሰማሁ። ለሰውዬው «ወንድሜ፣ እንዳትከፍል» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፣ እንባዬ ቀደመኝና ወጣሁ። ለእሱ ያልነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

የወንበራችሁ ሜሞሪ እምቢ ካለ በተራው ቁልፍ መንቀሳቀሱን እዩ፣ ከዚያ በሩን ከፍታችሁም ዘግታችሁም ሞክሩት። ስዊቹና ሽቦው በቴስተር ሲለካ ሳታዩ ሞጁል አታስቀይሩ። ተቀየረ ካሏችሁ አሮጌው እጃችሁ ሳይገባ አትክፈሉ፣ 1ንም ተጫኑና ወንበሩ ያወቃችሁ እንደሆነ እዩ። ደረሰኙ ላይም የተገጠመው ዕቃ ከነቁጥሩ ይጻፍ በሉ። የኔ ደረሰኝ «የወንበር ጥገና» ብቻ ነው የሚለው፤ ልብ ብዬ ያነበብኩት ገና አሁን ነው።