ፋንታሲ ቤዝቦል 2026፦ ማንን ይዘን እንቀጥል ማንን እንልቀቅ

ፋንታሲ ማለት የእውነት ተጫዋቾችን መርጠህ የራስህን ቡድን ሠርተህ እነሱ ሜዳ ላይ በሚያመጡት ቁጥር መወዳደር ነው። የፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ የለመደ ሰው ወደ ቤዝቦሉ ሲመጣ መጀመሪያ ግራ የሚገባው ነገር፣ እዛ ሃላንድን እኔም አንተም ጎረቤትህም መያዝ ትችላላችሁ፣ እዚህ ግን መቺውን አሮን ጀጅን አንዱ ከወሰደው አለቀ፣ የቀረነው አስራ አንዳችን ቁጭ ብለን እናያለን። ድራፍቱ (ተጫዋች የምንመርጥበት) እንደ ዕቁብ በዕጣ ነው፣ አንደኛ የወጣለት ይመርጣል፣ ከዛ ሁለተኛው እያለ አስራ ሁለተኛው ጋ ሲደርስ ይገለበጥና እሱ አከታትሎ ሁለቴ ይመርጣል። ኪፐር ሊግ ሲሆን ደግሞ ካምናው ቡድንህ ጥቂት ሰው ይዘህ ትገባለህ። እኛ መስሪያ ቤት ያለው ሊግ ሦስት ነው የሚፈቅደው፣ ዋጋውም አምና ከወሰድክበት ራውንድ (የምርጫ ዙር) አንድ ከፍ ይላል፣ በ10ኛ ያገኘኸውን ለማቆየት 9ኛህን ትከፍላለህ፣ የ1ኛ ራውንዱ እዛው 1ኛ ይቆያል።

ይሄን ሁሉ ያወራሁት ለምን መሰላችሁ፣ ማርች በመጣ ቁጥር ስለ ሁለቱ ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) "ስኩባል ይሻላል ስኪንስ?" እያሉ የሚጠይቁኝ አሉ፣ እኔ ደሞ መልሼ "በስንት ገዛኸው?" ነው የምለው። ዋጋ ሳይነግሩኝ የሚሻለውን ልነግራቸው አልችልም።

ስኩባል ወይስ ስኪንስ

የ2025ን ጎን ለጎን እናስቀምጠው። ታሪክ ስኩባል 13 ዊን (በስሙ የተመዘገበ ድል)፣ ኢአርኤ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ በአማካይ የሚገባበት ነጥብ፣ ሲያንስ ነው የሚሻለው) 2.21፣ 241 ስትራይክአውት (መቺውን ኳስ ሳያስመታ ያስወጣበት)። ፖል ስኪንስ 10 ዊን፣ 1.97፣ 216። ሁለቱም በየሊጋቸው (ትልቁ ቤዝቦል ሁለት ሊግ ነው) ሳይ ያንግ የሚባለውን የምርጥ ፒቸር ሽልማት ወስደዋል፣ ስኩባል እንደውም በተከታታይ ሁለተኛው ነው። ስኪንስ ግን 10 አሸንፎ 10 ተሸነፈ፣ በ1.97 ኢአርኤ! ፈረሱ ጥሩ ሆኖ ጋሪው የተሰበረ ማለት ይሄ ነው፣ እሱ ምንም ያህል ቢወረውር ቡድኑ ፒትስበርግ ረን (ነጥብ) ካላገባለት ዊን ከየት ይመጣል። ዊን የሚቆጠርበት ሊግ ከሆነ ለዚህ ዓመት ብቻ ስኩባልን እላለሁ፣ ሰውን ለሁለት ሦስት ዓመት ማቆየት ከተፈቀደ ግን ስኪንስ በአምስት ዓመት ተኩል ያንሳልና እሱን።

ዋጋው እኩል ከሆነ ነው ይሄ ሁሉ። እኔ ስኪንስን በ2024 ገና ማይነር ሊግ (ከዋናው በታች ያለው) እያለ በ19ኛ ራውንድ ነው ያነሳሁት፣ ዘንድሮ 17ኛ ያስከፍለኛል፣ እዚህ ላይ ምን ጥያቄ አለው። ስኩባልን አምና በ2ኛ ራውንድ የወሰደው ጓደኛዬ ግን ዘንድሮ 1ኛውን ሊከፍል ነው፣ እኔ ብሆን እለቀው ነበር። ምክንያቱም የፒቸር ክንድ የሰው ገንዘብ ነው፣ ዛሬ አለ ነገ የለም። ስኩባል ራሱ በ2022 ክንዱን ኦፕራሲዮን ሆኖ ነው የተመለሰው። የኔን ጅልነት ልንገራችሁ፣ ስፔንሰር ስትራይደር በ2023 20 ዊንና 281 ስትራይክአውት ሲያመጣ አይኔ በራና በ2024 በ2ኛ ራውንድ ዋጋ አቆየሁት፣ ሁለት ጨዋታ ተጫወተ፣ ክርኑ ሄደ፣ ዓመቱ አለቀ። ከዛ ወዲህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ራውንዶች ፒቸር አላስቀጥልም፣ ስፈልግ በድራፍት እገዛለሁ።

ዊት ወይስ ኤሊ

ሁለቱም መቺ ናቸው፣ ቦቢ ዊት ጁኒየር 23 ሆምራን (ኳሷን ከሜዳ አስወጥቶ መምታት) 38 ስቲል (ኳስ ሳይመታ ሮጦ ቀጣዩን ቤዝ መስረቅ)፣ ኤሊ ዴ ላ ክሩዝ 22 ሆምራን 37 ስቲል። አንድ ሰው ይመስላሉ አይደል? ልዩነቱ አቬሬጅ (ለመምታት ከሞከረው ስንቱ እንደተሳካለት) ላይ ነው፣ ዊት .295 ኤሊ .264፣ እሱ ደሞ ዓመቱን ሙሉ ቡድንህን ይጎትተዋል። (ስሙ ኤሊ ሆኖ ከሊጉ ፈጣኖች አንዱ መሆኑ እኛን ብቻ ነው የሚያስቀን፣ የመስሪያ ቤት ልጆች ምን እንዳሳቀኝ እስካሁን አልገባቸውም።) ኤሊ በ2024 67 ሰርቆ ነበር ይሉኛል፣ አዎ፣ ግን ስቲል ረክሷል እኮ። በ2023 ቤዙን (ሯጩ የሚቆምበትን) ከ15 ኢንች ወደ 18 ሲያሰፉትና ፒቸሩ ሯጩን ቤዝ ላይ ለመያዝ ሁለቴ ብቻ እንዲሞክር ሲያደርጉ፣ በሊጉ የተሰረቀው ከ2,486 ወደ 3,503 ዘለለ። ድሮ 30 የሚሰርቅ ወርቅ ነበር፣ አሁን በ8ኛ ራውንድም ታገኘዋለህ። አቬሬጅ ግን እንደዛ በየቦታው አይገኝም። ስለዚህ ዊት፣ ኤሊ ቢያንስ አንድ ራውንድ ረክሶ ካልመጣ በስተቀር። እያንዳንዱ ነገር በነጥብ በሚቆጠርበት በፖይንት ሊግ ደግሞ የመቺ ስትራይክአውት (ሳይመታ መውጣቱ) ነጥብ ስለሚቀንስና ኤሊ ላይ ስለሚበዛ ልዩነቱ ይብሳል።

ጀጅና ሶቶ

ጀጅ 53 ሆምራን በ.331፣ ሁዋን ሶቶ 43 ሆምራን 38 ስቲል በ.263። ዘንድሮን ብቻ ለማሸነፍ ከሆነ ጀጅ፣ አታስቡበት። ግን ኤፕሪል ላይ 34 ይሞላዋል፣ ሶቶ ገና 27 ነው። የሶቶ 38 ስቲል ላይ ግን እንዳትሸወዱ፣ በ2024 የሰረቀው 7 ነበር፣ እኔ 20 ብዬ ነው የምገምተው፣ ከዛ በላይ ካመጣ ምርቃት ነው።

ሶቶ ካልኩ አይቀር፣ የዋሽንግተኑ ናሽናልስ ኦገስት 2022 ላይ እሱን ለሳንዲያጎ ሰጥተው ከተቀበሏቸው ልጆች አንዱ ጄምስ ዉድ ነው። እውነተኛው ቡድንም እኛ የምናደርገውን ነው ያደረገው፣ ዛሬ ዋጋው የከበረውን ሰጥቶ የነገውን በርካሽ መግዛት። ዉድ የኛው ሰፈር ልጅ ነው፣ ሜሪላንድ ሮክቪል ነው የተወለደው፣ እኔ ደሞ እዛው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ እንዴት ልጥላው፣ አድሎ እንዳለብኝ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ። አምና 31 ሆምራን መታ፣ ግን 24ቱን ከኦልስታር (በዓመቱ አጋማሽ ከሚደረገው የኮከቦች ጨዋታ) በፊት ነው የመታው፣ ከዛ በኋላ ሞቶ ነው የጨረሰው፣ በዛ ላይ 221 ስትራይክአውት። በ3ኛ ራውንድ ዋጋ ልቀቁት። እኔ በ7ኛ ስላገኘሁት በ6ኛ አስቀጥለዋለሁ።

ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ የሚቀበለው) ላይ ብዙ አላወራም። ካል ራሊ 60 ሆምራን መታ፣ ለካቸር ሪከርድ ነው፣ ከዛ በፊት ባለው ዓመት ግን 34 ነበር። 60ውን ዋጋ ከፍሎ 40 ሊያገኝ የሚችል ሰው ይኖራል፣ ያ ሰው እኔ አልሆንም። ሀንተር ጉድማን 31 በ.278 አምጥቷል፣ ካቸር ነው፣ ብዙ ራውንድ ቆይቶም ይገኛል፣ ግማሹን ጨዋታ ደሞ የሚጫወተው 1,600 ሜትር ከፍታ ያለው ዴንቨር ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይበራል። አዲስ አበባ እኮ ከዴንቨር በ700 ሜትር ትበልጣለች፣ እንጦጦ ላይ ሜዳ ቢሰሩ ኳሱ ሱሉልታ ነበር የሚያርፈው።

ክሎዘር (ጨዋታ ለመዝጋት መጨረሻ ላይ የሚገባውን ፒቸር) ፈጽሞ አታስቀጥሉ፣ ሥራቸውን በአንድ መጥፎ ሳምንት ያጣሉ። መቺም ፒቸርም የሆነውን ኦታኒን የያዛችሁ ደሞ መጀመሪያ የምትጫወቱበት ሳይት እንዴት እንደሚቆጥረው እዩ፣ አንዳንዱ መቺውንና ፒቸሩን ሁለት ሰው ያደርገዋል፣ አንዳንዱ እንደ አንድ ነው የሚይዘው፣ ዋጋው በጣም ነው የሚለያየው።

የኔ እንግዲህ ስኪንስ በ17፣ ዉድ በ6፣ ሦስተኛው ቦታ ላይ ሶቶ አለኝ በ1ኛ ራውንድ። እሱን ለማቆየት የምከፍለው ዕጣው የሚሰጠኝን ቁጥር ነው፣ 11ኛ ከወጣልኝ እዛ ድረስ ሶቶን የሚያክል ሰው ስለማይተርፍ ትርፍ ነው፣ 2ኛ ከወጣልኝ ግን ዊት ወይ ጀጅ ክፍት ከሆኑ ለምን እታሰራለሁ። ዕጣው እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ነው። 8ኛ ወይ ከዛ በኋላ ከወጣልኝ ሶቶን አልለቀውም።