ሀርድ ዲስኩን በጆሮው ላዳመጠው ልጅ

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ በተለይ መኪና የምትነዱ ወዳጆቼ፣ አንድ የመኪና ቴፕ ባለሙያ ልጠቁማችሁ ነው። ምስጋናዬም በዚሁ ይድረሰው።

ወንድሜ የአባታችንን የድሮ ካሴቶች ወደ ኤምፒ3 አስገልብጦ፣ የቤተሰቡን ፎቶና ቪዲዮ ጨምሮበት፣ በ1 ቴራ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ላከልኝ። ቸኩዬ መኪናዬ ቴፕ ላይ ሰካሁት። ዲስኩ ቲክ፣ ቲክ ይላል፤ ቴፑ ጭጭ። መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት ገና ሳይነካው "ይሄ ቴፕ አርጅቷል፣ ባለስክሪኑን አንድሮይድ ቴፕ አስገባ" ብሎ 25 ሺህ ብር ጠራልኝ። የማን ቤት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ዓባይ ማዶ ያለውን ልጅ የጠቆመኝ ጎረቤቴ ባለባጃጁ ነው። ልጁ ቴፑን ዞር ብሎም አላየው። ዲስኩን ጆሮው ላይ ለጠፈና "ጋሼ፣ ባትሪው የደከመ መኪና ቁልፍ ሲያዞሩበት ምን ይላል?" አለኝ። ቲክ ቲክ ነዋ! "ይሄም ያው ነው። መነሳት ፈልጎ ጉልበት አጣ።" እንደነገረኝ የቴፑ ዩኤስቢ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ጉልበት ግማሽ አምፒር ገደማ ነው፤ እንዲህ ያለ የሚሽከረከር ዲስክ ደግሞ ሲነሳ ወደ 1 አምፒር ይጠጋል። ባለሁለት ራስ ኬብል አወጣ፤ አንዱን ቴፑ ላይ፣ ሌላውን ሲጋራ መለኮሻው ላይ በሚሰካ ቻርጀር። ዲስኩ እዝዝዝ ብሎ ተነሳ። ቴፑ ግን አሁንም አላነበበውም።

ለካ ፎርማቱም፣ ማለትም ዲስኩ ፋይሎችን የሚያስቀምጥበት ዘዴ፣ ችግር ኖሯል። ዲስኩ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው ነው የተሠራው፣ የኔ ቴፕ ደግሞ ፋት32 ከሚባለው ሌላ አያውቅም። "በቃ ፎርማት አድርገው" አልኩት። እጁን ከላፕቶፑ ላይ አነሳ። "ፎርማት ሲደረግ እላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሌላ ቦታ ኮፒ አለው?" ወንድሜ ጋ ይኖር ይሆናል አልኩ። "ይሆናል ከሆነ አልነካውም" ብሎ 180 ጊጋውን በሙሉ አስቀድሞ ወደ ላፕቶፑ ገለበጠ። እኔ በሆዴ እየተነጫነጭኩ ጣና ዳር ሄጄ ቆሮሶ ጥብስ በላሁ። ማታ ወንድሜን ስጠይቀው እሱ ጋ ምንም አልቀረም፤ ካሴቶቹንም ጥሏቸዋል። ስልኩን ዘግቼ ትንሽ ቁጭ አልኩ።

ዊንዶውስ በተለመደው መንገድ ከ32 ጊጋ በላይ የሆነን ዲስክ በፋት32 ፎርማት አላደርግም ስላለው በሌላ ፕሮግራም ሠራው። የሰርጌ ቪዲዮ ብቻ አልገባም፤ ፋት32 ላይ አንድ ፋይል 4 ጊጋ መድረስ አይችልም። (ባለቤቴ እስካሁን አላወቀችም።) ቴፑ የአማርኛ ፊደል ስለማያነብ ስሞቹ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆነው መጡ። ልጁ ፎልደሮቹን በቁጥር ሰየመና ካርቶን ቀድዶ በማርከር ጻፈልኝ፦ 01 መዝሙር፣ 02 ትዝታ፣ 03 የጎጃም፣ 04 የአባባ ድምፅ። ካርቶኑ ዛሬም የፀሐይ መከላከያው ላይ ተለጥፏል።

ሒሳብ ልከፍል ስል ደግሞ "እኔ ብሆን ይሄን ዲስክ ኮረኮንች ላይ አላሠራውም፤ እየተሽከረከረ ሲንገጫገጭ ይጎዳል። ለመንገድ ፍላሽ ይበቃዎታል" አለኝ። ፍላሽ ይሸጥልኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሸጠልኝም፣ ቤት ካለኝ እንዳመጣ ነገረኝ። አሁን ወደ ጢስ ዓባይ ስወጣ ፍላሽ፣ ከተማ ውስጥ ዲስኩን ስፖንጅ ላይ አስቀምጬ እሰማለሁ። ኬብሉን ጨምሮ የከፈልኩት 750 ብር ነው።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ፦ ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ ሱቁ በር ላይም መኪና ማቆሚያ የለም። ድልድዩን ተሻግራችሁ በጎንደር መንገድ ትንሽ እንደሄዳችሁ፣ ከጎሚስታው አጠገብ ያለችው ሰማያዊ ኮንቴይነር ናት። ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ወረፋ ነው።