ለነጭ አሳ የገዛሁት የጀልባ ላይ ማቆያ ሳጥን፦ ከመስከረም እስከ ግንቦት

የተያዘ አሳ በሕይወት የሚቆይበትን ይህን ሳጥን ከመስከረም ጀምሮ ባሕር ዳር፣ ጣና ሐይቅ ላይ በምነዳት ጀልባ ጭኜ እየተጠቀምኩበት ነው። አሁን ግንቦት ገብቷል። የክረምት ማብቂያውን ድፍርስ ውኃም፣ የሚያዝያን ሙቀትም አሳልፏል። ለመግዛት የሚያስብ ሰው ካለ ያየሁትን ልንገረው።

ሳጥኑ 120 ሊትር ይይዛል። ርዝመቱ 90 ሴንቲሜትር ነው። ግድግዳው ውስጥ ሙቀት የሚከላከል ፎም አለው፤ ጥጎቹም ክብ ስለሆኑ አሳው አፍንጫውን አይጋጭም። በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠሩ ሁለት ፓምፖች አሉት። አንዱ የሐይቁን ውኃ እየሳበ ያስገባል፣ አሮጌው በላይኛው ቀዳዳ ይፈሳል። ሌላው አየር ይነፋል። እንግዶቼ በመንጠቆ ትልቅ ነጭ አሳ ሲይዙ ለክተን፣ ፎቶ አንስተን እንለቀዋለን። ሳጥኑ የሚያገለግለው ለዚያች መሃል ላለችው ጊዜ ነው።

አንዳንድ አሳ አጥማጆች ይህን የሚያህል አሳ መልሶ መልቀቅ ምን ይባላል ይሉኛል። በጾም ወራት አሳ እንዴት እንደሚፈለግ ስለማውቅ አልቀየማቸውም። ግን ከጣና ነጭ አሳዎች 15 ያህሉ ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም የትም አይገኙም። ከእነሱም ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ወንዞች ይወጣሉ። መረብ የሚጠብቃቸውም እዚያው የወንዝ አፍ ላይ ነው። ትልቅ ሆና የተያዘች አሳ ብዙ እንቁላል የምትጥል እናት ልትሆን ትችላለች። እሷን በሕይወት መመለስ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ሳጥኑ ልመለስ። ዋናው ቅሬታዬ ሰዓት ቆጣሪው ላይ ነው። ፓምፑ ለጥቂት ደቂቃ ይሠራል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይነሳል። መመሪያው ባትሪ ለመቆጠብ በዚህ ተጠቀሙ ይላል። ጣና ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ውኃው ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። ታግሎ የደከመ አሳ ከወትሮው የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ፓምፑ ባረፈ ቁጥር ስንጥቡን ቶሎ ቶሎ ማራገብ ይጀምራል። ስለዚህ ቆጣሪውን ትቼ ፓምፑን ያለማቋረጥ አሠራዋለሁ። ባትሪው ትልቅ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ያደርሳል።

የአየር ፓምፑ አረፋ ለዓይን ያምራል። አሳውን የሚያቆየው ግን ገቢው ውኃ ነው። አሳው የሚያስወጣው አሞኒያ በአረፋ አይጠፋም፤ ታጥቦ መውጣት አለበት። አየሩን ብቻ የምጠቀመው ወደብ አጠገብ ውኃው ሲቆሽሽ ወይም እምቦጭ ያለበት ቦታ ስናልፍ ነው። ያኔ መግቢያውን እዘጋለሁ።

መግቢያው ላይ ያለው ወንፊት ሌላው ራስ ምታት ነው። በመስከረምና በጥቅምት ወንዞቹ ያመጡት ደለል ቶሎ ቶሎ ይደፍነዋል። ጀልባው ሲፈጥን ደግሞ ቱቦው አየር ይስብና ውኃው ይቋረጣል። አሳ ሳጥን ውስጥ ካለ ቀስ ብሎ መንዳት ግድ ነው።

ሙቀት የመከላከል አቅሙን ወድጄዋለሁ። በሚያዝያ ፀሐይ እንኳ ውኃው ቶሎ አይሞቅም። በረዶ ካስፈለገ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ እንዳለ አስገቡት። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው በረዶው ቀልጦ ከሳጥኑ ውኃ ጋር እንዲቀላቀል አትፍቀዱ። በአንዴ በጣም ማቀዝቀዝም አሳውን ይጎዳል።

ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ሳጥኑ እስከ አፉ መሞላት አለበት። ጎዶሎ ከሆነ ውኃው ይንቦጫረቅና አሳው ከግድግዳው ጋር ይላተማል፣ ልጋጉ ይገፈፋል። ልጋጉ ከበሽታ የሚጠብቀው ልብሱ ነው። በደረቅ እጅ አትንኩት የምለውም ለዚሁ ነው። የክዳኑ ማጠፊያ በየካቲት ተሰበረ፤ አሁን በጎማ ገመድ አስሬዋለሁ። ለዚህ ዋጋ የማይመጥን ማጠፊያ ነው።

አምባዛ ለምትይዙ ይህ ሁሉ ወጪ አያስፈልግም። አምባዛ ከውኃ በላይም አየር መተንፈስ ይችላል፣ ሳጥን ውስጥ ግድ አይሰጠውም። ቀረሶም ጠንካራ ነው። ነጭ አሳ ግን ስስ ነው፤ በጥሩ ፓምፕም ቢሆን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አላቆየውም። በሳጥን ይዤው እስከ ወደብ ልሂድና ሰው ይይልኝ ለሚል ሰው ይህን ዕቃ አልመክርም። ስንለቀው ሆዱንና የጭራውን ሥር ደግፈን ውኃ ውስጥ ቀጥ አድርገን እንይዘዋለን። ወደ ኋላ አንጎትተውም። በራሱ ጉልበት ከእጃችን ሲወጣ ብቻ እንተወዋለን።

ክብደቱንም አስቡበት። ሲሞላ ውኃው ብቻ 120 ኪሎ ነው፣ ሁለት ሰው እንደ መጫን ማለት ነው። ታንኳ ላይ የሚሆን አይደለም። በሞተር ጀልባም ቢሆን መሃል ላይ፣ ወለሉ ላይ ይታሰር። ከገዛችሁ ትርፍ ወንፊትና ትርፍ ፊውዝ አብራችሁ ያዙ፤ እኔ ሁለቱንም ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት።