የሚጢ ሳጥን ከ8 ወር በኋላ፣ ጅማ አዲስ አበባ ስንመላለስ ያየሁት

የድመቴን የሚጢን የመንገድ መያዣ ሳጥን ባለፈው መስከረም ነው የገዛሁት፣ ይኸው ግንቦት ገባ። እስካሁን ከጅማ አዲስ አበባ አምስት ጊዜ ደርሶ መልስ ሄደንበታል፣ ክትባት ምናምን የወሰድኳትን ሳልቆጥር። ያው ሰው ዕቃ በገዛ በሳምንቱ አሪፍ ነው ብሎ ይፅፍና ሲሰበር ዝም ይላል፣ እኔ ግን እስኪለይለት ጠብቄ ነው።

ዕቃው ግራጫ ፕላስቲክ ሳጥን ነው፣ ከላይና ከታች ሁለት ቦታ ተከፍሎ ጎኑ ላይ በፕላስቲክ መቆለፊያ ቀጭ ቀጭ እያለ ሚገጥም፣ ፊቱ ላይ የሽቦ በር፣ አናቱ ላይ እጀታ። ርዝመቱ 48 ሳንቲ፣ ቁመቱ 30 ገደማ። ጅማ ፈልጌ አጣሁና አዲስ አበባ በ4,500 ብር ገዛሁት። ድመቴ ስሟ ሚጢ ይሁን እንጂ 4 ኪሎ ተኩል ናት፣ ውስጡ ስትቆም ጆሮዋ ጣሪያውን አይነካም፣ ዞር ትላለች፣ ተጋድማም ትተኛለች። ልኩ ይሄ ነው። ይስፋላት ብላችሁ የትልቅ ውሻ እንዳትገዙ፣ ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ከግድግዳ ግድግዳ ትላጋለች።

ከሱ በፊት በካርቶን ነበር ምወስዳት፣ ሞኝነቴን እዩልኝ። አሰንዳቦ ሳንደርስ ሸናችበትና ታቹ ርሶ ጉልበቴ ላይ ወለቀ። ማዳበሪያ ውስጥ ከተው አፉን አስረው ሚጭኑም አይቻለሁ፣ እባካችሁ እሱን ተዉት፣ አየር የለውም፣ በዛ ላይ ጊቤ በረሃ አለ።

ወደ ዋናው ልምጣ። ሁለተኛው ጉዞ ላይ ወልቂጤ ለምሳ ስንቆም ሳጥኑን በእጀታው ብድግ ሳደርገው የአንዱ ጎን መቆለፊያ ቀጭ ብሎ ተፈታ፣ ላይኛው ክዳን እጄ ላይ ቀረ፣ ታችኛው ከነሚጢ ወንበር ላይ ወደቀ። እሷ ደሞ አንድ ሰከንድ አልፈጀባትም፣ ከኋላ ወንበር ስር ገብታ የብረቱ ጥግ ላይ ተለጠፈች። ረዳቱ በሩን ሊከፍት ሲል "ባክህ ወንድሜ እንዳትከፍት!" ብዬ ጮህኩ። "እህቴ ሰው እኮ ርቦታል" ይለኛል፣ እውነቱን ነው። እኔ በደረቴ ተኝቼ እጄን ስሰድ ትነፋብኛለች። አጠገቤ የነበሩ እናት "ልጄ ተነሺ፣ ባሳደድሻት ቁጥር ትገባለች፣ ነጠላውን መሬት ላይ አንጥፊላትና ዝም በይ" አሉኝ። እሺ እማማ ብዬ የሳጥኗን ነጠላ አነጠፍኩት፣ ሰዉ በሹፌሩ በር አንድ ባንድ ወረደ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሽታውን ተከትላ ራሷ መጣች። ከዛ ቀን ጀምሮ የመኪናው በርና መስኮት ሙሉ ሳይዘጋ ሳጥኑን አልነካም፣ ስሸከመውም አንድ እጄ ሁሌ ከስር ነው።

መቆለፊያውን በፕላስቲክ ማሰሪያ፣ እነዚህ የኤሌክትሪክ ሰራተኞች ገመድ ሚያስሩበት፣ ስድስት ቦታ ጠፍሬው አንድ ሁለት ጉዞ ሄድኩ። ግን ሲታጠብ ሁሉንም መቁረጥ ነው፣ ሰለቸኝ። በኋላ ሰፈር ያለ ብረታ ብረት ቤት ወስጄ በትራፓኖ አራት ቦታ አስበስቼ ቡሎንና ዳዶ አስገባሁበት፣ አለቀ፣ አሁን ብትዘሉበትም አይከፈትም። የሸጠልኝ ልጅ "ለአውሮፕላንም ይሆናል" ብሎኝ ነበር፣ ኋላ ሳነብ የአያታ (የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር ነው) የእንስሳት ማጓጓዣ ደንብ ላይ የሳጥኑ ግማሾች በቡሎን ዓይነት ነገር ጠብቀው መያያዝ አለባቸው ይላል፣ ስለዚ በጭነት ክፍል ምትልኩ ከሆነ በቀጭ ቀጩ ብቻ አትተማመኑ፣ አየር መንገዱንም ቀድማችሁ ጠይቁ።

አየር ማስገቢያው ሌላ ቅሬታዬ ነው። ጎንና ጎኑ ላይ ቀዳዳ አለው፣ ጀርባው ግን ድፍን። ጅማ ከባህር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ጊቤ ድልድይ ስትወርዱ 1,100 አካባቢ ይሆናል፣ ሙቀቱን ምታቁት ታቁታላችሁ። ሦስተኛው ጉዞ ላይ ዘግይተን ወጥተን ጊቤን በ7 ሰዓት ስናልፍ ሚጢ አፏን ከፍታ ማለክለክ ጀመረች። ውሻ ቢያለከልክ ራሱን ማቀዝቀዣው ነው፣ ድመት ግን አፏን ከፍታ ካለከለከች ጭንቅ ላይ ናት ማለት ነው። ሻሼን በሃይላንድ ውሃ ነክሬ ጆሮዋንና የእግሯን መዳፍ አረጠብኩላት፣ ሳጥኑን ፀሐይ ከሌለበት ጎን አዞርኩት፣ ዳገቱን ስንጨርስ አፏን ገጠመች። ከዛ ወዲህ ሌሊት 11 ሰዓት ነው ምወጣው፣ ጊቤን በጠዋት እናልፈዋለን። ጀርባውንም ያው ትራፓኖ አስበሳሁት፣ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት ማለስለስ እንዳይረሳ።

ሳጥኑ ውስጥ ምን ይግባ? ታች ጋዜጣ፣ ከላዩ ያልታጠበ ያሮጌ ነጠላ ቁራጭ፣ ያልታጠበ ያልኩት የቤቱ ሽታ እንዲኖረው ነው። ሰጋቱራ በትንሽ ፌስታል ለብቻ ይዤ ለሚጢ መፀዳጃ ወልቂጤ ላይ በገበታ አስቀምጥላታለሁ፣ ግማሽ ጊዜ ዞር ብላም አታየውም። አንዱ ጎረቤቴ በሰጋቱራው ፋንታ የቡና ገለባ አድርጊ ብሎኝ ነበር፣ ጅማ ሆነን ገለባ በነፃ ነው፣ ደስ ብሎኝ ላደርግ ስል የእንስሳት ሐኪሙን ጠየቅኩት፣ ገለባውም ካፌይን አለው፣ ለድመትም ለውሻም መርዝ ነው አለኝ። ምግብ ከመውጣቴ 5 ሰዓት በፊት ነው ማቆመው፣ አንዴ አሳዝናኝ ስጋ ሰጥቻት ሰርቦ ላይ ሁሉንም መለሰችው። ውሃ ግን በየሁለት ሰዓቱ። እንድትተኛ የሰው ኪኒን ስጪያት ሚሉ አሉ፣ በፍፁም፣ ፓራሲታሞል አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል።

ከዕቃው ይልቅ የረዳኝ ማለማመዱ ነው። እንደገዛሁት በማግስቱ አስገድጄ ከትቻት አንጓዬ ላይ እስካሁን ጠባሳው አለ። ቀጥሎ በሩን ፈትቼ አውጥቼ ሳሎን ጥግ አስቀመጥኩት፣ ቁርሷን እውስጡ፣ ሁለት ሳምንት ዝም። አሁን ጠፍታብኝ ስፈልጋት እዛው ሆና በሳጥኑ ቀዳዳ ታየኛለች።

ውሻዬ ቦቢ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ውሻ ስለሆነ አይገባበትም፣ ሚኒባስም አልሞክረውም፣ ጅማ መንገደኛው ብዙው ሙስሊም ነው፣ ድመት አጠገባቸው ብትቀመጥ ያጫውቷታል፣ የውሻ ምራቅ ልብስ ከነካ ግን ሰውየው ለሶላት ማጠብ አለበት፣ ለምን ሰው ላስቸግር። ወንድሜ መኪና ይዞ ሲሄድ ብቻ ነው ሚሄደው፣ ደረቱ ላይ በሚታሰር ቀበቶ ከወንበሩ ቀበቶ ጋር ይያያዛል፣ በአንገቱ ማሰር አደጋ ነው፣ ፍሬን ሲያዝ ያንቀዋል። ሁለቱም የእብድ ውሻ ክትባት ካርዳቸው ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ ግን ለመውጣት ሁለት ቀን ሲቀር አይደለም፣ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም በሉ፣ ሰውነት ላይ እስኪሰራ ጊዜ ይፈልጋል።

ሳጥኑ ዛሬ ያለበት ሁኔታ፦ የበሩ ሽቦ ታችኛው ጥግ ከሽንቱ ዝጓል፣ የበሩ ማንጠልጠያ አንዱ ጠፍቶ ሚስማር ነው የገባበት፣ እጀታው ይንቋቋል ግን ይዟል። ሽታውን አቼቶ በውሃ ቀጥኜ አጥቤ ፀሐይ ላይ ሳሰጣው ይለቃል፣ በረኪና ከሽንት ጋር መጥፎ ጋዝ ስለሚፈጥር አትጠቀሙ። ከ10 ስንት ትሰጪዋለሽ ካላችሁኝ እንደተሸጠልኝ 5፣ ከቡሎኑ በኋላ 8። ዛሬ ብገዛ እሱኑ እገዛለሁ፣ ከሱቁ እንደወጣሁ ግን ቀጥታ ወደ ትራፓኖው።