ካምፐር ለሚጎትቱ፦ የጉድይር ኢንዱራንስ ጎማና የቲኤስቲ 507 አየር መከታተያ ግምገማ

ለካምፐር (በመኪና ለሚጎተት የጉዞ ቤት) ጎማ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማይፈነዳው የቱ ነው?» ብሎ ነው። የማይፈነዳ ጎማ የለም። እዚህ የምናያቸው ሁለት ዕቃዎች ጉድይር ኢንዱራንስ ጎማና ቲኤስቲ 507 የተባለው የጎማ አየር መከታተያ ናቸው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። አሁን ያለው ጎማ 5 ዓመት ያልሞላውና ጭነቱን በትርፍ የሚችል ከሆነ፣ መጀመሪያ መገዛት ያለበት መከታተያው ነው።

ኢንዱራንስ በ2017 ገበያ ላይ የዋለ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚመረት የተጎታች ጎማ ነው። ጎኑ ላይ ያለው መለኪያ «ኤስቲ» ብሎ የሚጀምረው ለተጎታች ብቻ ስለተሠራ ነው። ባለ ሁለት አክስል ካምፐር ጠባብ ቦታ ላይ ሲታጠፍ ጎማዎቹ ወደ ጎን እየተጎተቱ አስፋልቱን ይፍቃሉ፤ ይህን የሚችለው ጎኑ ደንደን ያለ ጎማ ነው። የቤት መኪና ጎማ ተጎታች ላይ ከገባ፣ የመሸከም አቅሙ ለ1.1 ተካፍሎ እንዲቀነስ የአሜሪካ ደንብ ያዛል። የኢንዱራንስ ሌላው ብልጫ የፍጥነት ደረጃው ነው። የፍጥነት ፊደል ያልተጻፈበት ኤስቲ ጎማ ጣሪያው በሰዓት 65 ማይል ሲሆን፣ ኢንዱራንስ «ኤን» የሚል ፊደል አለው፤ ይኸውም 87 ማይል ነው። በ80 ማይል ይጎተትበት ማለት አይደለም። በ65 እየሄዱ ሙቀትን የሚቋቋም ትርፍ አቅም አለው ማለት ነው። ካምፐር ጎታቾች «የቻይና ቦምብ» እያሉ ከሚቀልዱባቸው ርካሽ ጎማዎች የሚለየውም በዚህ ነው። ዋጋው ከእነሱ ከፍ ይላል፤ የተቦጨቀ ጎማ የካምፐሩን ሆድ፣ የፍሳሽ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ሽቦ ምን እንደሚያደርግ ላየ ሰው ግን አይቆጭም።

ጎማ ከመምረጥ በፊት ግን ሂሳብ አለ። ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ ካምፐሩን የሚያወጡት ለጥቂት በሚበቃ ጎማ ነው። ለምሳሌ ሙሉ ክብደቱ 7,000 ፓውንድ የሆነ ካምፐር እንውሰድ። 12 በመቶው፣ ማለትም 840 ፓውንድ፣ መጎተቻው ላይ ያርፋል። የቀረው 6,160 ለ4 ጎማ ሲካፈል 1,540 ፓውንድ ይደርሳል። ከፋብሪካው የመጣው ኤስቲ205/75አር14 የጭነት ደረጃ «ሲ» ከሆነ፣ በ50 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) የሚችለው 1,760 ነው፤ ትርፉ 12 በመቶ ብቻ። ያውም ጭነቱ እኩል ከተከፋፈለ ነው። ኩሽናው፣ ማቀዝቀዣውና ተንሸራታቹ ክፍል በአንድ ጎን ሲሆኑ አንዱ ጎማ ከአቅሙ በላይ ሊሸከም ይችላል። 40 ጋሎን ንጹሕ ውኃ ብቻውን ከ330 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። በዚሁ መለኪያ ኢንዱራንስ ደረጃው «ዲ» ነው፤ በ65 ፒኤስአይ ወደ 2,040 ፓውንድ ይችላል። ትርፉ ወደ 25 በመቶ ከፍ አለ ማለት ነው። ከ15 እስከ 20 በመቶ ትርፍ የሌለው ጎማ ላይ ረጅም መንገድ ባይወጣ ይሻላል። በ15 ኢንች ቸርኬ ደግሞ ኤስቲ225/75አር15 ደረጃ «ኢ» በ80 ፒኤስአይ 2,830 ፓውንድ ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ቸርኬው ነው፦ የሚችለው ክብደትና የአየር ግፊት ከበስተኋላው ተመትቶ ይገኛል፤ ለ65 ፒኤስአይ የተሠራ ቸርኬ ላይ 80 መሙላት አይቻልም። ሁለተኛው ቫልቩ ነው። ተራው የላስቲክ ቫልቭ እስከ 65 ፒኤስአይ ነው የሚችለው፤ ለ80 ከፍተኛ ግፊት የሚችል ወይም በዳዶ የሚታሰር የብረት ቫልቭ ያስፈልጋል። ጎሚስታው ካልተነገረው የለመደውን ላስቲክ ሊያስገባ ይችላል። ትክክለኛውን ክብደት ለማወቅ የጭነት መኪኖች የሚመዘኑበት ካት ስኬል ይበቃል፤ በየጎማው የሚመዝን አገልግሎት ከተገኘ ደግሞ የበለጠ ነው። ከባድ መኪና የሚነዳ ዘመድ ያለው ሰው የቅርቡን ሚዛን ለማወቅ አይቸገርም።

ብዙ ፍንዳታ የሚጀምረው ከአየር ማነስ ነው። አየሩ ያነሰ ጎማ ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፣ መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ ጎማውን ከውስጥ ሽቦና ክሩ ያላቅቀዋል። ከዚያ በኋላ መፈንዳቱ የሰዓት ጉዳይ ነው። ባለ ሁለት አክስል ካምፐር ላይ አስቸጋሪው ነገር ጎረቤቱ ጎማ ጭነቱን ስለሚሸከምለት መኪና ውስጥ ያለው ሰው ምንም አይሰማውም። ቲኤስቲ 507 ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

ዕቃው በየቫልቩ ላይ የሚጠለቅ ሴንሰርና መኪናው ውስጥ የሚቀመጥ ስክሪን አለው። ሴንሰሩ ሁለት ዓይነት ነው፦ እንደ ክዳን የሚጠለቀውና ሳይፈታ አየር የሚያስሞላው። ሁለተኛው ምቹ ቢሆንም ስለሚከብድ የብረት ቫልቭ የግድ ይላል። ክዳኑ ቀለል ያለ ነው፤ ባትሪው ሲአር1632 ሲሆን ራስዎ ይቀይሩታል። አብሮ የሚመጣውን ምልክት አስተላላፊ አይተዉት፤ ካምፐሩ ፊት በኩል ካልገጠሙት የኋላ ጎማዎች ንባብ ሊቆራረጥ ይችላል። ክዳኑን ካጠለቁ በኋላ የሳሙና ውኃ ይርጩበት፤ ውስጡ ያለው ቀለበት በደንብ ካልተቀመጠ ፍሳሹን የሚፈጥረው ራሱ ሴንሰሩ ነው።

አሞላሉ፦ ካምፐሩ ቢያንስ 3 ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ በተለይ ጠዋት ፀሐይ ሳትመታው፣ ጎማውን ይሙሉና ያንን ቁጥር መነሻ ያድርጉ። ለ80 ፒኤስአይ ዝቅተኛውን ማንቂያ 72፣ ከፍተኛውን 100፣ ሙቀቱን 158 ፋራናይት (70 ሴልሺየስ) ላይ ያድርጉ። መንገድ ላይ 80 የነበረው 90 ወይም 95 ቢሆን አይደንግጡ፤ የጋለ ጎማ ግፊቱ ይጨምራል። በጋለበት አየር ማስተንፈስ ትልቅ ስህተት ነው። ሙቀቱን በተመለከተ ግን ቁጥሩን ብቻውን አይመኑ፤ ሴንሰሩ ንፋስ ላይ ስለሆነ ከጎማው ውስጥ ዝቅ ያለ ያነባል። አራቱን ማወዳደር ይሻላል። አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ከጋለ ፍሬኑ ይዞ ወይም ኩሺኔቱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ድንጋይ ወይም ጉድጓድ መትቶ በቅጽበት ለሚፈነዳ ጎማ መከታተያው ቀድሞ የሚናገረው ነገር የለውም።

ያ ከሆነ ፍሬን አይርገጡ። መሪውን በሁለት እጅ አጥብቀው መስመርዎን ይያዙ፣ ነዳጁን በአንዴ ሳይለቁ ለአፍታ ፍጥነቱን ይጠብቁ፣ ቀጥ ካለ በኋላ ቀስ ብለው ይልቀቁ። ካምፐሩ መወዛወዝ ከጀመረ መኪናው ውስጥ ያለውን የተጎታች ፍሬን መቆጣጠሪያ በእጅ በስሱ መግፋት ከኋላ ይስበዋል፣ ያስተካክለዋል። ከዚያ ፍሬቻ አሳይተው፣ ከመንገዱ ጠርዝ በጣም ርቀው ይቁሙ። የካምፐሩን የማብሰያ ጋዝ መጀመሪያ ከሲሊንደሩ ይዝጉ፤ የተቦጨቀው ጎማ ቧንቧውን መትቶት ሊሆን ይችላል።

ለመቀየር ካምፐሩን ከመኪናው አይፍቱት። ዳዶዎቹን ሳይነሣ ላላ ያድርጓቸው፤ ብዙ ጊዜ 13/16 ኢንች ቁልፍ ይፈልጋሉ፣ የመኪናው ቁልፍ ላይገባ ይችላል። ሌላኛውን ወገን በታኮ ያስይዙ። ባሊስትራ ባለው ባለ ሁለት አክስል ካምፐር ላይ ከክሪክ የሚቀለው ደህናውን ጎማ መወጣጫ ላይ ማውጣት ነው፤ ባለ አንድ ተኩል ኢንች ውፍረት ሳንቃ 3 ደርቦ ደረጃ ሠርቶ ማሰር ይሠራል። ክሪክ የሚጠቀሙ ከሆነ ፍሬሙን እንጂ የአክስሉን ቱቦ መሐል አያንሡ፤ ሊጣመም ይችላል። ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው ቡሎን ሲጠበቅ በኮከብ ቅርጽ፣ በ3 ዙር፣ መጨረሻው ከ90 እስከ 120 ፉት ፓውንድ ነው። ከዚያ በ10፣ በ25 እና በ50 ማይል እንደገና ይፈትሹ፤ ዳዶ የሚላላው በዚያ ርቀት ነው።

ፍንዳታው ሲከሰት በዚያው ጎን ያለው ሌላ ጎማ የሁለት ጎማ ጭነት ብቻውን ተሸክሟል። ከቸርኬው ተፈትቶ ውስጡ ሳይታይ ረጅም መንገድ አይሂዱበት። ከተገቢው ግፊት 20 በመቶ ዝቅ ብሎ የተነዳ ጎማም እንደዚያው ነው፤ ከውጭ ደህና ይመስላል።

አንድ ተጨማሪ ዕቃ እንጠቁም፦ ቪያየር 88ፒ የሚባለው ፓምፕ እስከ 120 ፒኤስአይ ይሠራል፣ ኃይል የሚያገኘውም በቀጥታ ከመኪናው ባትሪ ነው። ሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰኩ ትናንሾቹ ፓምፖች 80 ለመድረስ ይታገላሉ።

ጎማ ሲገዙ አምስት ይግዙ፣ አንዱን ለስኮርታ። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን 4 አኃዞች ያንብቡ፤ 2325 ማለት በ2025 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓመት የከረመ ጎማ ከሰጡዎት ይመልሱ። መከታተያውንም ሲያዙ አምስተኛ ሴንሰር ይጨምሩ፤ ስኮርታው ከካምፐሩ ኋላ ተሰቅሎ አየሩ ሲወጣ የሚያየው የለም።