ቪአይቲ ቬሎር ወይስ ቢትስ ፒላኒ?

ህንድ ውስጥ በግል ኮሌጅ ኢንጂነሪንግ ልማር ያለ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ማማረጡ አይቀርም።

መግቢያው ላይ ቢትስ ይከብዳል። ቢትሳት የሚባለው ፈተና ቀልድ አያውቅም፤ በገንዘብ የሚገዛ ኮታም የለም። ቪአይቲ ብዙ ተማሪ ይቀበላል፣ ግን ክፍያው በፈተና ደረጃችሁ ስለሚወሰን እናንተ ከምትከፍሉት ግማሽ ያህሉን ብቻ የሚከፍል ልጅ አጠገባችሁ ተቀምጦ ያንኑ ትምህርት ሊማር ይችላል፣ ይሄ ያናድዳል። ቢትስም ርካሽ አይምሰላችሁ፣ ኪስ ያራግፋል።

ክፍል መግባት ቢትስ ላይ ግዴታ አይደለም፤ ለሰነፍ ወጥመድ ነው። ቪአይቲ 75 በመቶ ካልተገኛችሁ ከፈተና ሊያግዳችሁ ይችላል፤ መምህርና ሰዓት መምረጥ ግን ያስችላል።

ለእኔ ሚዛን የደፋው ፕራክቲስ ስኩል ነው፤ የቢትስ ተማሪ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ድርጅት ውስጥ መሥራት ይችላል። ቢትስ ከደረሳችሁና አቅሙ ካለ ግቡ። ቪአይቲ ውድ በሆነው የክፍያ ምድብ ከደረሳችሁ ግን መጀመሪያ የመንግሥት ኮሌጅ ሞክሩ።