የድሮ መኪና ሶኬት ተርሚናል ማውጫ ዕቃ፦ የቱን ልግዛ?

የቮልስ፣ የድሮ ላንድክሩዘር ወይም የላዳ የኤሌክትሪክ መስመር ለማደስ የተነሣ ሰው እዚህ ነገር ላይ መድረሱ አይቀርም። ሽቦው ተቃጥሏል፣ ወይም ጫፉ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ፕላስቲኩ ሶኬት ግን ደህና ነው። ስለዚህ ሶኬቱን ሳይሰብር ተርሚናሉን፣ ማለትም ሽቦው ጫፍ ላይ ያለውን መገናኛ ብረት፣ ማውጣት ይኖርበታል። በምን?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህን ብትጠይቁ መልሱ ብዙ ነው። አንዱ "መርፌ ይበቃል" ይላል። ሌላው ትንሿን የሰዓት ካቻቢቴ ያነሣል። ሦስተኛው ባለ ብዙ ቁራጩን የቻይና ስብስብ ግዙ ይላል። "ቁረጠውና ቀጥለው" ብሎ የሚገላግላችሁም አይጠፋም።

የእኔን ፍርድ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ዕቃው የሚመረጠው ተርሚናሉ እንዴት እንደተቆለፈ ታይቶ ነው። የቁራጩ ብዛት ምንም አይነግራችሁም። እኛ አካባቢ ለሚነዱት አብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ሁለት ሦስት ጥሩ ቁራጭ ይበቃል። ለአንዳንዶቹማ ምንም መግዛት አያስፈልግም።

ከመግዛታችሁ በፊት ሶኬቱን እዩት

ሶኬቱን ለያዩና ፊቱን ወደ ብርሃን አዙሩት። ፊቱ የምለው ከሌላው ሶኬት ጋር የሚጋጠመውን ወገን ነው። በየቀዳዳው ውስጥ ተርሚናሉ ይታያል። ከተርሚናሉ በላይ ወይም በታች ደግሞ ቀጭን ክፍተት አለች። ማውጫው የሚገባው በእሷ ነው።

በድሮ መኪኖች ላይ በብዛት የሚገኘው ጠፍጣፋው 6.3 ሚሊ ሜትር ተርሚናል ነው። የወንዴው ውፍረት 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ቮልስም ፊያትም ላዳም የጃፓን መኪኖችም ይጠቀሙበታል። ሶኬት ውስጥ የሚገባው ዓይነት ከራሱ ብረት የተቆረጠች ትንሽ ምላስ አለችው። ተርሚናሉ ሲገባ ምላሷ ተነሥታ የፕላስቲኩን ጠርዝ ትይዛለች። ሽቦውን በጎተታችሁት ቁጥር ይበልጥ ትይዛለች። ጉልበት እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። የሚፈለገው ክፍተቷ ውስጥ ገብቶ ምላሷን የሚጫን ቀጭንና ጠንካራ ጠፍጣፋ ብረት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ምላሷ የፕላስቲኩ አካል የሆነች ናት። ወደ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲጠጋ በጃፓን መኪኖች ላይ እየበዛ የመጣ ነው። እዚህ ብረቱን ብትጫኑ ከንቱ ድካም ነው። ፕላስቲኩን ከብረቱ ላይ በቀስታ ማንሣት ነው ያለባችሁ። አንዳንዱ ሶኬት በዚህ ላይ ለብቻው የሚወጣ፣ ቀለሙ የተለየ መቆለፊያ አለው። እሱ ሳይነሣ ምንም አይወጣም።

ሦስተኛው በሁለት ጎን ምላስ ያለው ነው። በኢንጀክሽን (ነዳጅ በሚረጭ ሥርዓት) በሚሠሩ የአውሮፓ መኪኖች የኢንጀክተር ሶኬት ላይ ታገኙታላችሁ። ሁለቱ ምላሶች አንድ ላይ ካልተጫኑ አይለቅም፤ ባለ ሁለት ጥርስ ማውጫ የግድ ነው። ክብ ፒን ደግሞ አለ። ምላሶቹ በዙሪያው ስለሆኑ ፒኑን ከላዩ የሚያለብስ ቀጭን ቱቦ ይፈልጋል።

የናንተ የትኛው እንደሆነ ካወቃችሁ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል።

መርፌ፣ ካቻቢቴ ወይስ ቤት የተሠራ?

የስፌት መርፌ ጠንካራ ነው፤ ግን ይሰበራል። ስባሪው ሶኬት ውስጥ ከቀረ ችግራችሁ ሁለት ሆነ። ጫፉም ሹል ስለሆነ ምላሷን ስቶ ፕላስቲኩን ይወጋል። መርፌ ቁልፍ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ይታጠፋል። ሁለቱንም አልመክርም።

የሰዓት ካቻቢቴ ይሻላል፤ ግን ለሁሉም አይሆንም። ጫፉ ቀጭን ቢሆንም ወደ ኋላ እየወፈረ ይሄዳል። ጠባብ ክፍተት ውስጥ ስትገፉት እንደ ሽብልቅ ፕላስቲኩን ይከፍታል። አርባ ዓመት የሞተር ሙቀት የጠጣ ሶኬት ይህን አይችልም፤ ጠርዙ ይሰነጠቃል። የፕላስቲክ ምላስ ለማንሣትና ባለ ቀለሙን መቆለፊያ ለማውጣት ግን ከካቻቢቴ የተሻለ የለም። ለዚህ ይኑራችሁ።

ቤት ውስጥ የሚሠራውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ለጠፍጣፋው 6.3 ተርሚናል የማስቀድመው እሱን ነው። የሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ ውፍረቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክፍተቷ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ጫፉን አንድ ሚሊ ተኩል ስፋት እስኪቀረው በመፍጫ ማሳሳት ነው። ስትፈጩ ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ብረቱ ግሎ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬውን አጥቷል። ከዚያ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ መያዣው ላይ ናስትሮ ጠምጥሙበት። ያረጀ የዝናብ መጥረጊያ ጎማን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ቀጭን ብረትም ለዚሁ ይሆናል። ለክብ ፒን የተሰበረ የሬዲዮ አንቴና አትጣሉ። አንዱ ቀጭን ክፍሉ ፒኑ ላይ ልክ ከሆነ ጥሩ ማውጫ ነው።

ባለ ብዙ ቁራጩ ስብስብ

ከ10 ቁራጭ እስከ 40 ምናምን ቁራጭ ያለው አለ። ብዛቱ ያማልላል። ዘርግታችሁ ብታዩት ግን የሚደጋገመው ይበዛል። ጠፍጣፋ ነጠላ ጫፍ፣ ባለ ሁለት ጥርስ እና ቱቦ፤ በቃ። ሌላው የስፋት ልዩነት ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለት ሳጥን መካከል ስትመርጡ ባለ ሁለት ጥርሱና ቱቦው ስንት እንደሆነ ቁጠሩ። ጠፍጣፋውን ቤት ልትሠሩት ትችላላችሁ፤ ባለ ሁለት ጥርሱን ግን አትችሉም፤ ቱቦውም ልኩ የሆነ አንቴና ካልተገኘ አይሆንም።

የስብስቡ ትልቁ ድክመት የብረቱ ልስላሴ ነው። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ አንዱን ቀጭን ቁራጭ በጣታችሁ ትንሽ ጎበጥ አድርጉና ልቀቁት። ቀጥ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው። እንደጎበጠ ከቀረ መልሱለት። ሶኬት ውስጥም እንዲሁ ነው የሚሆነው። ጠርዙንም በጣታችሁ ዳስሱት። ሻካራ ከሆነ ፕላስቲኩን ይፍቃል፤ ይህ ግን በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል።

ከተቻለ ያረጀ ሶኬታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ባለ ሱቁን በትሕትና ጠይቃችሁ አንዱን ቁራጭ ክፍተቷ ውስጥ ሞክሩ። በሥዕልና በቪዲዮ የተገዛ ዕቃ እዚህ ላይ ነው የሚያሳፍረው። እኔ ከአንድ ሱቅ በማሸጊያው ሥዕል አምኜ የገዛሁት ስብስብ ውስጥ ያሉት ቱቦዎች አፋቸው ተጣሞ ፒን አያስገቡም ነበር።

ለአንድ ዓይነት ሶኬት ብቻ የሚሠራው የባለሙያ ማውጫ ሌላ ነገር ነው። ስፋቱም ርዝመቱም ለዚያ ተርሚናል የተለካ ነው፤ አልፎ ሄዶ ሌላ አይነካም። የአንዱ ዋጋ ግን ከሙሉው የቻይና ስብስብ ሊበልጥ ይችላል። ጋራዥ ላለው ሰው በዓመት ውስጥ ዋጋውን ይመልሳል። አንድ መኪና ላለው ግን ክብ ፒን ካልበዛበት በቀር ይቅርበት እላለሁ።

መቁረጥና መቀጠልስ?

ይህን ከዕቃ ጋር የማወዳድረው ሰው በብዛት የሚመርጠው እሱን ስለሆነ ነው። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ወርዶ መብራት ቢጠፋባችሁ ቁረጡ፣ ቀጥሉ፣ ቤታችሁ ግቡ። ትክክል ነው። ጭጋጉ ውስጥ ያለ መብራት መቆም ከምንም የከፋ ነው። እንደዚያው ትቶ መኖር ግን አይደገፍም።

ለምን? የፊት መብራት 60 ዋት ቢሆን በ12 ቮልት 5 አምፔር ይስባል። በእጅ ተጠምዝዞ የተቀጠለው ቦታ ላይ 0.1 ኦም ብቻ ቢጨመር ግማሽ ቮልት ይጠፋል። እዚያው ቦታ ላይ 2.5 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ለመኪና ትልቅ አይመስልም፤ በናስትሮ ለተጠቀለለች ትንሽ ነጥብ ግን ብዙ ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ቆላው ይጨመርበታል፤ የናስትሮው ማጣበቂያ ይለቅና ይንሸራተታል። ከ1967 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠራ 6 ቮልት ቮልስ ያላችሁ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ለዚያው ዋት የሚሄደው አምፔር እጥፍ ነው፤ ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

እንደ መኪናችሁ

ከ1948 እስከ 1985 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ሲሪስ ላንድሮቨር ካላችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። አብዛኛው መገናኛው ክብ ጥይት መሰል ጫፍ ሆኖ በጎማ የተሸፈነ ቱቦ ውስጥ የሚገባ ነው። ምላስ የለውም። ትንሽ ደብሊው ዲ ፎርቲ (የዝገት ማላቀቂያ ዘይት) ነፍታችሁ ጠብቁ፤ ከዚያ ጫፉን በፒንሳ ይዛችሁ እያዞራችሁ ሳቡ።

ቮልስም ቀላል ነው። ብዙዎቹ ተርሚናሎች አንድ በአንድ በማብሪያውና በፊውዙ ቤት ላይ የሚሰኩ ናቸው። ብረቱን ያዙ እንጂ ሽቦውን አትጎትቱ። እግረ መንገዴን፦ በጀርመን መኪና ቡኒ ሽቦ የቦዲው ነጌቲቭ ነው። በእንግሊዝ መኪና ግን ቡኒው በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ፣ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ ነው። ከቮልስ ወደ ላንድሮቨር የተሻገረ ሰው ይህን ሳያውቅ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

የድሮው 40 ሲሪስ ላንድክሩዘር፣ ኮሮላና ላዳ ላይ ማውጫው በእርግጥ ይፈለጋል። የብረት ምላስ ያለው ጠፍጣፋ ተርሚናል ስለሚበዛባቸው ከሴጌቶ የተሠራው ቁራጭና አንድ ትንሽ ካቻቢቴ አብዛኛውን ይጨርሱታል። የክሩስኮቱን ጀርባ ሁሉ ለማደስ ካሰባችሁ ግን ትንሹን ስብስብ ግዙ። እዚያ ጠባብ ስለሆነ የተለያየ ስፋት ይጠቅማል። የፊት መብራቱን ሶኬት በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። የባለ ሦስት እግር አምፖሉ ጥርሶች ወደ 8 ሚሊ ሜትር ይጠጋሉ፤ በ6.3 ተርሚናል አትተኩት።

ኢንጀክሽን ያለው የአውሮፓ መኪና ካላችሁ ባለ ሁለት ጥርስ ያለበትን ስብስብ ያለ ክርክር ግዙ።

ሥራው ላይ

መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ አውርዱ። የሽቦዎቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ አንሡ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘላት እርምጃ አለች፤ ሽቦውን ከመሳብ በፊት ወደ ውስጥ ግፉት። ምላሷ ከፕላስቲኩ ጠርዝ ላይ ፈቀቅ ትላለች። አሁን ማውጫውን በፊት በኩል አስገቡ። ምላሷ ዝቅ ስትል ለጣት ይታወቃል። በሌላው እጅ ሽቦውን ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ። እምቢ ካለ መልሳችሁ ግፉና እንደገና ጀምሩ። ማውጫው የሴቴው አፍ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። አፏ ከተከፈተ ወንዴውን አጥብቃ አትይዝም፤ ትግላለች።

የደብረ ብርሃን ጠዋት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ብርዱ ያረጀ ፕላስቲክን የባሰ ያደርቀዋል። ፀሐይ እስክትሞቅ ጠብቁ፤ ወይም በሙቅ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ጨርቅ ሶኬቱ ላይ አቆዩበት። ብዙዎቹ የድሮ ሶኬቶች ናይለን ስለሆኑ በሙቀትና በእርጥበት ይለሰልሳሉ። ስትጨርሱ በደንብ አድርቁት።

ያወጣችሁትን ተርሚናል መልሳችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ምላሷን በካቻቢቴ ጫፍ ትንሽ ወደ ውጭ አንሡ። ሲገባ "ቀጭ" ማለት አለበት። ከዚያ ሽቦውን ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት።

አዲስ ተርሚናል አብራችሁ ግዙ

ማውጫውን ስትገዙ ይህን እዚያው ጨርሱ። በየሱቁ የሚገኘው ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም ቢጫ ፕላስቲክ የለበሰው ተርሚናል ምላስ የለውም፤ ሶኬት ውስጥም አይቆለፍም። የሚያስፈልጋችሁ እርቃኑን የሆነ፣ ምላስ ያለው 6.3 ነው። ለሽቦው ውፍረት የሚሆነውን ምረጡ። ደብረ ብርሃን ካጣችሁት 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ አለ፤ ግን ለዚህ ብቻ ብላችሁ አትውጡ፣ ለሌላ ጉዳይ ስትሄዱ ያዙት። ከማውጫው የተረፈ ገንዘብ ካላችሁ ተርሚናሉን ሽቦው ላይ የሚጨፈልቅ ጥሩ ፒንሳ ላይ አውሉት። የሽቦውን መዳብና የላስቲክ ሽፋኑን ለየብቻ የሚጨብጥ ይሁን። በተራ ፒንሳ የተጨፈለቀ ተርሚናል በፒስታ መንገድ ሲንቀጠቀጥ ይለቃል፤ ያኔ ማውጫውን እንደገና ትፈልጉታላችሁ።